ምች የመታው፣ ጦርነት የመታው

 

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ ዕብራይስጥ ነው፣ «ሄሌም ክራቭ» ይባላል። ሕመሙ የያዘው ሰው ደግሞ «ሀሉም ክራቭ» ነው። በሠራዊት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ያላለፈውም ቢሆን ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ወዲህ በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ሲሰማው ከርሟል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ችግሩ ቃሉ ወደ እኛ ቤት፣ ወደ አማርኛው ሲገባ ነው። እዚህ አሽኬሎን፣ ራማት ኤሽኮል ሰፈራችን ውስጥ ብቻ ስንት ትርጉም ሰምቼበታለሁ መሰላችሁ? «አእምሮውን ታመመ»፣ «ጭንቀት ያዘው»፣ «ነካ አደረገው»፣ በመጨረሻም ድምፅ ዝቅ ይደረግና «አበደ»...

አንዲት እናት አውቃለሁ። ልጇ ከጋዛ ከተመለሰ በኋላ ሌሊቱን ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደድ ያድራል፤ በር ሲዘጋ ይዘላል፤ ቀን ቀን ደግሞ አፉን ለምግብም ለወሬም አይከፍትም። ሐኪም አየውና የሚሞላ ወረቀት ሰጠው። ወረቀቱን የተረጎመላት ሰው «ልጅሽ የአእምሮ በሽተኛ ነው ይላል» አላት። አጣጥፋ መሶብ ሥር ከተተችው። «ልጄ እብድ አይደለም። ደግሞስ ይህ ከተሰማ እህቱን ማን ያገባልኛል?» አለች። እኔ አልፈረድኩባትም። ለተነገራት ቃል የሚገባውን መልስ ነው የመለሰችው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን እሱ አልነበረም። ይህ ነው እንግዲህ ቃሉን ከሥሩ እንድቆፍር ያደረገኝ።

«ሄሌም» ማለት ምት ነው። ሥሩ ሦስት ፊደል ነው፦ ሄ፣ ላሜድ፣ ሜም። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 5 ላይ የዲቦራ መዝሙር አለ። ያዔል የሲሣራን ራስ ስትመታ ዕብራይስጡ የሚጠቀመው ይህንኑ ግሥ ነው፤ በእጇ የያዘችው መዶሻም «ሃልሙት» ተብሎ ከዚሁ ሥር ይጠራል። ስለዚህ «ሀሉም» ቃል በቃል «የተመታ» ማለት ነው። ያበደ አይልም፣ የፈራ አይልም። እኔ በሙያ ትምህርት ቤት የተማርኩት ብረታ ብረት ስለሆነ ይህ ነገር ቶሎ ገባኝ። ብረትን ሳታግለው ደጋግመህ ብትቀጠቅጠው መጀመሪያ እየጠነከረ ነው የሚሄደው፤ ላየው ሰው ጎበዝ ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን በትንሽ ምት ይሰነጠቃል። የሰነጠቀው ያቺ ትንሽ ምት ብቻ እንዳይመስላችሁ!

«ክራቭ»ም የራሱ ወሬ አለው። ውጊያ ማለት ነው፤ ሥሩ ግን «ካሮቭ» ከሚለው ጋር አንድ ነው፣ የኛው «ቀረበ»፣ «ቅርብ»። ድሮ ውጊያ ማለት መቀራረብ ነበርና፣ ጦር እስኪያደርስ ድረስ።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን «ሄሌም» ሲባል የሚሰሙት «ሕልም» ነው። «ምን ሆነ አሉት?» «ሄሌም።» «ሕልም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው?» በፊደል ከሄድን ይለያያሉ። የዕብራይስጡ ሕልም፣ «ሐሎም»፣ በሔት ነው የሚጻፈው፣ በኛው በሐመሩ ሐ፤ ሄሌም ግን በሃሌታው ነው። አማርኛ ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያነብ ነው የሚምታታብን። ቢሆንም እናቶቹ እውነት አላቸው፤ ልጁ ሌሊት ሲቃዥ የሚሰሙት እነሱ ናቸው።

ሕመሙ ራሱ የዛሬ አይደለም፤ ስሙ ነው ሲቀያየር የኖረው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861-1865) በኋላ ዳ ኮስታ የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም ስለ 300 ያህል ወታደሮች ጻፈ። ልባቸው ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ደረታቸውን ይወጋቸዋል፣ እንቅልፍ የላቸውም። ልባቸውን ቢመረምር ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ጉዳት አጣ። በ1871 ጽሑፉን ሲያወጣ «ቁጡ ልብ» አለው፤ ሌሎች ደግሞ «የወታደር ልብ» ይሉት ነበር። ይህቺን «ልብ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እንገናኛታለን።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስሙን ያወጣው መድፍ ነው። ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በየካቲት 1915 «ላንሴት» በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ሦስት ወታደሮች ሲጽፍ «የመድፍ ድንጋጤ» የሚለውን ስም ተጠቀመ። ያኔ የመሰላቸው የፍንዳታው ግፊት አንጎልን አናወጠው ብለው ነው። እየቆየ ግን ምንም መድፍ አጠገቡ ያልፈነዳበት ወታደር ያንኑ ምልክት ሲያሳይ ማየርስ ራሱ በቃሉ ተጸጸተ። አዛዦቹም ቃሉን ጠሉት፣ የነሱ ምክንያት ግን ሌላ ነበር፦ ወታደሩ ሁሉ «እኔም ያ ነገር ነው የያዘኝ» ይላል ብለው ፈሩ። በ1917 ቃሉ በወታደሩ ወረቀት ላይ እንዳይሰፍር ታዘዘና በምትኩ «ገና ያልታወቀ፣ የነርቭ» የሚል እንዲጻፍ ሆነ። ቃሉ ሲጠፋ ሕመሙም አብሮ የሚጠፋ ይመስል! በዚያ ጦርነት እንግሊዝ ከድተዋል፣ ፈርተዋል፣ በመሳሰለውም ጥፋት ብላ 306 ወታደሮቿን ረሽናለች። ምሕረት የተደረገላቸው በ2006 ነው፤ ያውም ለመቃብራቸው። በሁለተኛው ጦርነትም ቢሆን አሜሪካዊው ጄኔራል ፓተን በነሐሴ 1943 ሲሲሊ ላይ በሐኪም ቤት የተኙ ሁለት ወታደሮችን «ፈሪዎች!» ብሎ በጥፊ መትቷል። አስቡት፣ የተመታን ሰው ደግሞ መምታት።

ከቬትናም በኋላ የተመለሱት የአሜሪካ ወታደሮች ዝም አላሉም፤ ጮኹ። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በመዝገቡ ላይ ሕመሙን አሁን ባለው ስሙ አስገባው፤ እኛ እዚህ አሳጥረን «ፖስት ትራውማ» የምንለው እሱ ነው። «ትራውማ» የግሪክ ቃል ነው፣ ቁስል ማለት። «ፖስት» ደግሞ በኋላ። ከቁስል በኋላ እንደማለት ነው።

ወደ አገራችን ወደ እስራኤል ስንመጣ ቃሉ በሰው አፍ የገባው በ1973ቱ የዮም ኪፑር ጦርነት ነው። ሠራዊቱ ለሥጋ ቁስለኛ እንጂ ለዚህ ዓይነቱ ቁስለኛ አልተዘጋጀም ነበር። በ1982 በሊባኖስ ጦርነት ጊዜ ግን ዛሃቫ ሶሎሞን የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ወታደሮቹን በዓመታት ተከታተለቻቸው። ውጊያው ላይ እንዳሉ ከተሰበሩት ውስጥ ዓመት ቆይቶ 59 በመቶው ፖስት ትራውማ ነበረባቸው። ይህ አይደንቅ ይሆናል። እኔን ያስደነቀኝ ሌላው ቁጥር ነው፦ ውጊያው ላይ ምንም ሳይሆኑ፣ ጠመንጃቸውን ሳይጥሉ ከተመለሱት ውስጥም 16 በመቶው ያው ሕመም ተገኝቶባቸዋል። ጎበዝ ከተባሉት ውስጥ ማለት ነው! ያን ጊዜ ያልወደቀ ሰው ቤቱ ገብቶ ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ሠራዊቱ ቃሉን ለሁለት ይከፍለዋል። እዚያው ውጊያው ላይ የሚመጣውን «ትጉቫት ክራቭ»፣ የውጊያ ምላሽ ይለዋል፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ፣ ውኃ፣ ምግብ፣ የጓደኛ ድምፅ ያስታግሰዋል። ቆይቶ ያልለቀቀው ነው ፖስት ትራውማ። መንገድ ላይ ግን ሕዝቡ ሁሉንም ጠቅልሎ «ሀሉም ክራቭ» ነው የሚለው። የዛሬ ልጆችማ የጫማ ዋጋ ሲሰሙም «አኒ በሄሌም!» ይላሉ፣ ፈተና ሲወድቁም «ትራውማ ሆነብኝ» ይላሉ። ቃሉ በዕብራይስጡ እንደ ሳንቲም ረክሷል፤ በአማርኛችን ደግሞ ማንም አፉ ላይ ሊያደርገው አይፈልግም።

ለመሆኑ ኦሪት ምን ይላል? ዘዳግም ምዕራፍ 20ን አንብቡት። ሕዝቡ ለጦርነት ሲወጣ አዲስ ቤት ሠርቶ ያላስመረቀ ይመለስ፣ ወይን ተክሎ ፍሬውን ያልበላ ይመለስ፣ አጭቶ ያላገባ ይመለስ ይባላል። በመጨረሻም የፈራና ልቡ የባባ ይመለስ ይላል፣ የወንድሞቹን ልብ እንዳያባባ። አባቶቻችን በጎንደር ሚሽናን አያውቁም ነበር፣ ኦሪቱን ግን ያውቁታል። ሚሽናው (ሶታ ምዕራፍ 8) በዚህ ላይ ክርክር አለው። ራቢ አኪቫ ነገሩን እንዳለ ነው የሚወስዱት፦ በሰልፍ ውስጥ መቆም፣ የተመዘዘ ሰይፍ ማየት የማይችል ሰው ነው ይላሉ። ራቢ ዮሴ ሃግሊሊ ግን በእጁ ያለውን ኃጢአት የሚፈራ ነው ይላሉ። ቀጥሎ ያሉት ነው የነካኝ፦ ባለ ቤቱ፣ ባለ ወይኑና ባለ እጮኛው አብረው እንዲመለሱ የተደረገው፣ ያ ሰው በእነሱ ተከልሎ እንዲመለስ ነው ይላሉ። ከሰልፉ ወጥቶ ሲሄድ ያየው ሰው ቤት ሠርቶ ይሆናል፣ ወይን ተክሎ ይሆናል ይላል። አያችሁ? ያ ሁሉ ሥርዓት የአንድን ሰው እፍረት ለመሸፈን! ፓተን ይህን ቢያነብ ኖሮ...

እዚያው ዘዳግም ምዕራፍ 28 መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ስለሚንቀጠቀጥ ልብ ተጽፏል። ጧት ሲሆን ምነው በመሸ፣ ሲመሽ ምነው በነጋ ስለሚል ሰው። ሐኪሙ ዳ ኮስታ «ቁጡ ልብ» ያለውን ኦሪት ከሱ በፊት አውቆት ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ። አንዳንድ ሰው፣ የተማሩትም ጭምር፣ «አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል የለውም» ይላሉ። እኔ አልቀበልም። እንዲያውም ሞልቶናል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውን ማን ያላደገበት አለ? ልጥ ማለት ለማሰሪያ የሚሆን የዛፍ ልጣጭ ነው፤ እባብ ያየ ሰው መሬት ላይ ተጋድሞ ሲያየው ይበረያል። ሐኪሞቹ በብዙ ገጽ የሚጽፉትን ተረቱ በአራት ቃል ጨርሶታል። ሰው ተኝቶ በድንገት ሲነሣ «ባነነ» እንላለን፣ ፈረስ ሲሆን «በረገገ»፣ በቅሎ ስትሆን «ደነበረች»። እነዚህ ሁሉ ለየብቻቸው ቃል ያላቸው ያየናቸው ነገሮች ስለሆኑ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን «ሰቀቀን» አለን። ሰቀቀንና ፍርሃት አንድ አይደሉም። የሚፈራ ሰው የሚያየውን ነው የሚፈራው፤ በሰቀቀን የሚኖር ሰው ግን አንድ ጊዜ የመጣበት ነገር ዳግም ይመጣል እያለ ነው የሚኖረው። የራበው ሰው ከጠገበ በኋላ እንጀራ ትራሱ ሥር ሲደብቅ ያ የረሃብ ሰቀቀን ነው። ልጅ የሞተባት እናት የተረፈው ልጇ አሥር ደቂቃ ሲዘገይ በር ላይ ትቆማለች፣ ያም ሰቀቀን ነው። በጆሮ ሲሰማ ደግሞ ከ«ሰቆቃ» ጋር ጎን ለጎን ይቆማል፤ በቲሻ ብአቭ በምኩራብ መሬት ላይ ተቀምጠን «ኤኻ» ብለን የምንሰማውን መጽሐፍ በአገራችን «ሰቆቃወ ኤርምያስ» ነበር የምንለው።

ሰቀቀን ምን እንደሆነ በሱዳን ያለፉት ወላጆች ይንገሯችሁ። ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ወጥተው፣ በኡም ራኩባና በሌሎቹ ሰፈሮች ወራትና ዓመታት ቆይተው፣ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተደረገው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ያህሉ ገቡ። በመንገድና በሰፈሩ ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ አላቸው፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ኢያር 28፣ እንሰበሰባለን። የሞቱት መታሰቢያ አግኝተዋል። የቀበሯቸው ግን ያዩትን በሆዳቸው ይዘው ነው የመጡት።

«በሆዳቸው» ያልኩት እንዲያው ለአባባል አይደለም። ጋዲ ቤን ኤዘር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከሱዳን መንገድ የመጡ ወጣቶችን ታሪክ ሰብስቦ በ2002 መጽሐፍ አውጥቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ምግብ አልበላ ስላሉ ወጣቶች ጽፎ ነበር። ሌላው ሐኪም ቢሆን ለመክሳት ብለው ነው ሊል ይችላል። እሱ ግን ጠጋ ብሎ ጠየቃቸው። ለካ ሆዳቸው በሐዘን ሞልቶ ለእህል ቦታ የለውም። እኛ ይህንን ሳንማር እናውቀዋለን፤ ምሥጢር የሚይዝ ሰው ሆደ ሰፊ ነው፣ ያዘነ ሰው ሆዱ ይባባል፣ ሆድ ይብሰዋል፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚቀመጠው።

ልብም እንደዚያው ናት። በአንድ ክሊኒክ (ስሙን መጥራት አያስፈልግም) የጎረቤታችን አሮጊት «ልቤን ያመኛል፣ ልቤ አርፎ አይተኛም» ብለው ሦስት ጊዜ በልብ መመርመሪያ ማሽን አስነሧቸው። ሦስቱንም ጊዜ «ልብሽ ጤነኛ ነው» ተብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አስተርጓሚው «ልብ» ያሉትን «ሌቭ» ብሎ አለፈ፣ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነዋ! እሳቸው ግን የሚናገሩት ዳ ኮስታ በ1871 የጻፈውን ነበር። ሱዳን ላይ ሁለት ልጆች እንደቀበሩ የጠየቃቸው የለም።

አሁን ደግሞ የከተማችንን ነገር ተመልከቱ። አሽኬሎን፣ በመጽሐፉ አስቀሎና የምትባለው፣ በሐምሌ 2006 የመጀመሪያው ሮኬት መሐል ከተማዋ ደርሶ የትምህርት ቤት ግቢ ላይ ወደቀ። በግንቦት 2008 የገበያ ማዕከል ተመታ። ከዚያ ወዲያ 2009፣ 2012፣ 2014፣ 2018፣ 2021 እያለ ቀጠለ፤ በግንቦት 2021 ሁለት ሴቶች በከተማችን ሞቱ፣ በጥቅምት 2023 የወረደውንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሳይረን ከጮኸ እኛ ያለን ጊዜ 30 ሴኮንድ ነው። ከ1992 ወዲህ የሚሠራ ቤት ሁሉ መጠለያ ክፍል እንዲኖረው ሕግ ወጥቷል፤ ከዚያ በፊት በተሠራ ሕንፃ የምንኖር ግን ደረጃው ላይ ነው የምንሰበሰበው። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ሩሲያዊቷ ጎረቤታችን፣ ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ። የሱዳንን ሰቀቀን ይዘው ለመጡት ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ነው!

የማስጠንቀቂያውም ስም እንኳ ታሪክ አለው። መጀመሪያ «ሻሐር አዶም»፣ ቀይ ንጋት፣ ነበር የሚባለው። ያው ስም ያላት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ስሟ በተጠራ ቁጥር ሰው ሲሸሽ እያየች አቤቱታ አቀረበችና በ2007 ወደ «ጸቫ አዶም»፣ ቀይ ቀለም፣ ተቀየረ። አገሩ ለአንዲት ልጅ ሰቀቀን ቃል መቀየር ይችላል ማለት ነው። ደስ ይለኛል ይሄ ነገር።

ከሮኬቱ በኋላ ዜናው «ይህን ያህል ኒፍጋዔ ሐራዳ» እያለ ይቆጥራል፣ በድንጋጤ የተጎዱ ማለት ነው። አምቡላንስ ያነሣቸዋል፣ በርዚላይ ሆስፒታል ያያቸዋል፣ ብዙዎቹ በዚያው ቀን ቤታቸው ይገባሉ። «ሐራዳ» መንቀጥቀጥ ነው። «ሐረዲም» የሚባሉት አጥባቂዎቹም ስማቸው ከዚሁ ሥር ነው የወጣው፣ ከእግዚአብሔር ቃል የተነሣ የሚንቀጠቀጡ ለማለት። ለአንዱ ክብር፣ ለሌላው ድክመት፣ ቃሉ ግን አንድ! ሰዉ «ሐራዳ ብቻ ነው» ሲል እሰማለሁ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ሀሉም ክራቭ» ለወታደር፣ «ኒፍጋ ሐራዳ» ለደረጃው ሰው ሆነ። የአሮጊቷ የልብ ሕመም ከሁለቱም ውጭ ቀረ።

የወታደሩም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በሚያዝያ 2021፣ የመታሰቢያው ቀን ሊገባ ሲል፣ በ2014 ጋዛ ላይ የተዋጋ አንድ የጎላኒ ወታደር የነበረ ሰው ፔታሕ ቲክቫ በሚገኘው የመልሶ ማቋቋሚያ ቢሮ ፊት ለፊት ራሱን በእሳት አቃጠለ። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ከዚያ በኋላ ነው መንግሥት «ነፌሽ አሐት»፣ አንዲት ነፍስ፣ የሚል ማሻሻያ ያወጣው። «ነፌሽ» ያው የኛ «ነፍስ» ናት። በመስከረም 2025 የመከላከያ ሚኒስቴር እንዳስታወቀው ከጥቅምት 2023 ወዲህ ብቻ ወደ 20,000 ቁስለኞች ተቀብሏል፤ ከግማሽ የሚበልጡት የነፍስ ቁስል ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ «የእገሌ ልጅ ብቻ» የሚባል ነገር ቀርቷል።

እንግዲህ እዚያች እናት ፊት የተቀመጠ አስተርጓሚ ምን ቢላት ይሻል ነበር? ብዙ አሰብኩበት። ሐኪሞቹ በአማርኛ የሚጽፉት ረጃጅም ስም አለ፣ ማንም እናት አይገባትም። «የአእምሮ ሕመም» ደግሞ በራችንን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። መልሱ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ አፋችን ላይ ነው ያለው። ፀሐይ ላይ ወጥተን ትኩሳት ሲይዘንና ከንፈራችን ሲቆስል ምን እንል ነበር? ምች መታኝ። ሌሊት ከደጅ የገባ ሰው በድንገት ሲታመም? መጋኛ መታው። አማርኛ በሽታን «የሚመታ» ያደርገዋል፤ ሰውየው የተመታ ነው። ምች የመታው ሰው አፍሮ አያውቅም። እህቱም ባል አታጣም። ዳማከሴ ተጨምቆ ይሰጠዋል፣ ከፀሐይ ይከለላል፣ ይጠበቃል። ማንም «ለምን ተመታህ?» አይለውም። እና «ሀሉም ክራቭ» ማለት ቃል በቃል ይኸው ነው። ጦርነት የመታው። ዕብራይስጡና አማርኛው ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል፣ እኛ ነን መሐል ገብተን ያበላሸነው።

ያቺን እናት በዚህ ቃል ልጇን እንድታየው ነገርኳት። ወዲያው መልስ አልሰጠችም። ቆይታ ግን «ታዲያ የጦርነት ዳማከሴው የት ነው?» አለችኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የወታደሩ መንገድ በመከላከያ ሚኒስቴሩ መልሶ ማቋቋሚያ (አጋፍ ሺኩም) በኩል ነው፤ ለሮኬቱና ለሌላው ደግሞ ቢቱዋሕ ሌኡሚ አለ። በጦርነትና በሽብር ለተጎዱ ሁሉ ከ1998 ጀምሮ የሚሠራ «ናታል» የሚባል ድርጅትም አለ፣ በስልክም ይሰማሉ። ከሁሉም በፊት ግን ስትሄዱ አስተርጓሚያችሁን ምረጡ፤ «ልብ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ራሳችሁ አስረዱ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ንገሩ፣ ሱዳንም ቢሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ስትጠብቁ ያለፈውም ቢሆን።

ባለፈው ሰንበት ከጸሎት በኋላ ይህንኑ ወሬ ለሽማግሌዎቹ አነሣሁላቸው። «ጦርነት የመታው» ስል አንድ አባት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በደርግ ጊዜ ታፍሰው ወታደር የሆኑ ሰው ናቸው፤ መጋቢት 1988 የናደው እዝ አፋቤት ላይ ሲደመሰስ እዚያ ነበሩ። ስለዚያ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «እኔንም እኮ መቶኛል» አሉ። «አፋቤት ላይ ነው የመታኝ።» ሚስታቸው ቀና ብለው አዩአቸው፣ ምንም አላሉም። ከዚያ እስኪመሽ አወሩ። የነገሩኝን ፈቃዳቸውን ጠይቄ ሌላ ቀን እጽፍላችኋለሁ።

ቸር ያሰማን።